ሃያ አራት ፍሬ

ጥቁር ውኃ ጤና ጣቢያ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል፣
መስኮቷ ወደ ሐይቁ፣ ወንበሯ ባንድ እግሯ ጎደል፣
እዚያ ነው የምውለው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ሞራ እንደሚገልጥ አዛውንት፣ ደም አንባቢ ሆኜ።

ከጣት ጫፍ ጠብታ ወስጄ፣ መስታወት ላይ ቀብቼ፣
ሐምራዊ ቀለም አጠጥቼ፣ አለቅልቄ፣ አስጥቼ፣
ሳጎነብስ፦ ቀለበት።
ቀለበት ላይ ቀለበት።
ሽማግሌ ያልላከ፣ ጥሎሽ ያልጣለ ሙሽራ
በላንቃሞ ደም ውስጥ ገብቶ ሠርጉን ሲያደራ።

ሰው በየወረፋው ይከሳል፦ አንዱ እሸት በቆሎን፣
አንዱ የሐይቁን ነፋስ፣ አንዱ የገዛ ዕድሉን።
በቆሎው ምን በደለ? እሱ ሲያሽት ዝናቡ ያባራል፣
በየጎማው ዱካ ያቆረው ውኃ የሌላዋን እንቁላል ያኖራል።

“ወባ ነው” አልኩት። “አውቃለሁ” አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣
ጋቢ ደርቦ በፀሐይ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተጋጨ።
መድኃኒት ሰጪዋ ቆጥራ ሰጠችው ሃያ አራት ፍሬ፣
አራት ጧት፣ አራት ማታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከዛሬ።
“ከምግብ ጋር ዋጠው፤ ጨርሰው” አልኩት እኔም ከበር፣
ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ደጅ ድረስ ይተራመስ ነበር።

ጨርስ አልኩት።
ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

በማግሥቱ አመሻሽ ንዳዱ ለቀቀ፤
አጥንቱን የሰበረው ቁርጥማት ራቀ፤
ታንኳውን ገፋ፣ ቆሮሶውን አሞራ ገደል ሸጠ፣
የተረፈውን አሥራ ሁለት ፌስታል ቋጥሮ ከጣራው ክዳን ሸጎጠ።
ስስት አይደለም። ልጅ አለችው፣ ዳንቺሌ፣ የሰባት ዓመት፤
“ክፉ ቀን ቢመጣባት” ብሎ፣ ከገዛ ደሙ ቀንሶላት።

በጥቅምት ማብቂያ ተመለሰ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣
ያቺን ፌስታል እንደ አደራ በጣቱ አንጠልጥሎ።
“ይኸው፤ አንዷንም አላባከንኩ” አለና ቆጠረልኝ።
አሥራ ሁለት።
ያፈርኩት እኔ ነኝ።

“ና” አልኩት፣ “አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በዚህ ተመልከት።”
አየ። ዝም አለ። ቆየ። “ምንድነው ይኼ ሁሉ ቀለበት?”
“የቀረው ነው። ብዙውን ገደልከው፤ ጥቂቱ ተደበቀ፣
አንተ ዳንኩ ስትል ተዋለደ፤ ደምህን አጨናነቀ።”
ቀና አለ። የሐይቅ ሰው ነውና በሐይቅ ቋንቋ አሰበ፦
“ለካ እጄ መረቡን እስከ እኩሌታ ነው የሳበ።”

ሦስት ዓመት ኮሌጅ ተምሬ
እንዲህ አሳጥሬ ተናግሬ አላውቅም።

“አጎበሩስ?” አልኩት። መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ፤
“ዓሣው ላይ ነው” አለኝ፣ “ጠረጴዛው ላይ ዝንቡ ስላየለ።”
ቆሮሶው ከዝንብ ተጠብቆ፣ ድንኳን ተተክሎለት፣
ዳንቺሌ ሌሊቱን ሙሉ ለቢምቢ ማዕድ ሆናላት፤
ለዚያች ሲመሽ ለምትወጣ፣ ጭራዋን ሽቅብ ቀስራ ለምትቀመጥ፣
ለልጆቿ ብላ የልጅ ደም ለምትመጥ።

ልጅቷንም አስመጣኋት። ጣቷን ወጋሁ፤ አላለቀሰችም።
መቶ ጊዜ ፈለግሁ፤
ቀለበት የለም።
ፌስታሏን ግን ወሰድኩበት። የልጅ መድኃኒት በኪሎዋ ነው፣
በአባት ፍቅር አይመዘንም፤
ለሱ ደግሞ አዲስ ሃያ አራት ተቆጠረለት፣
አሁን ለምን እንደሆነ ያውቃል።

“ያንቺስ አጎበር?” አለኝ፣ ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ።
ዝም አልኩ። የኔው በሻማ ተበስቷል፣ ጨርቁ ደብዝዞ።

እሑድ መጣ፣ የመረብ መርፌውን ደረት ኪሱ ሰክቶ፣
ዳንቺሌን አስከትሎ፣ ናይለን ክሩን አፍታቶ።
አልጋዬ ጠርዝ ተቀምጦ ቀዳዳውን በጣቱ ለካ፤
“ለዓሣ ጠባብ ነው” አለ፣ “ለቢምቢ ግን በር ነው ለካ።”

ሰፋው። ቋጠሮ በቋጠሮ።
ልጅቷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤
ውጭ እየመሸ ነው፣ ከቦዩ በኩል ያ ቀጭን ድምፅ ጀምሯል፤
ሃያ ሁለት፣
ሃያ ሦስት፣
ሃያ አራት።

ክሩን በጥርሱ በጠሰው።